በፕሮጀክተሩ ውስጥ የምግብ ዘይት አልጨመርኩም

በሰመራው አዳራሽ የፊልም ማሽን ውስጥ የምግብ ዘይት የጨመርኩት እኔ አይደለሁም። ይህ ይጻፍልኝ። ቀሪውን ለማንበብ ጊዜ የሌላችሁ ካላችሁ ይህችን አንድ መስመር ይዛችሁ ሂዱና ለጎረቤት ንገሩ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ማስረጃ ነው።

ልጆቼ "እማዬ፣ ስለ ግማሽ ሊትር ዘይት ነው እኮ፣ ተይው" ይሉኛል። ተይው የሚባል ነገር አልወድም። ድሮ ስኳር በሰልፍ በሚሸጥበት ጊዜ አንድ ጎረምሳ እግሯን የሚያማት ሴት ፊት ገብቶ ቆመ። ማን ቀድሞ መጣ የሚል ክርክር ተነሳ። "እንግዲያው ሰልፉ ይፍረስና እንደ አመጣጣችን እንደገና ይሠራ!" ብዬ ጮህኩ። ፈረሰ። ሁሉም ከማን በፊት እንደመጣ እየተመሰከረለት ሲሰለፍ፣ ለካ በትክክል ሲቆጠር የመጨረሻዋ ሰው እኔ ነበርኩ። ስኳሩ እኔ ዘንድ ሲደርስ አለቀ። አንድ ወር ሙሉ ሻይ ያለ ስኳር ጠጣን። ሰልፉ ግን ትክክል ነበር።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ሟቹ ባለቤቴ ሰይድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አዋሽ ላይ በባቡር ሠራተኞች ክበብ ፊልም የሚያሳይ ኦፕሬተር ነበር። ከወሎ አብረን ወርደን ጣቢያው አጠገብ ቤት የሠራነው በዚሁ ሥራው ምክንያት ነው። ሰዉ እሱን ኦፕሬተር ይለዋል፤ የማሽኑን ዘይት የማየው ግን እኔ ነበርኩ። ከማሽኑ ጎን የሳንቲም ያህል ክብ መስታወት አለች፤ በመስታወቷ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አለች። ዘይቱ እዚያች መስመር ላይ መሆን አለበት። ሰይድ መስመሯ ቀርቶ መስታወቷንም ማየት ካቆመ ቆይቶ ነበር። "መነጽር አድርግ" ስለው "ኦፕሬተር መነጽር ካደረገ ተመልካቹ ፊልሙን ይጠራጠራል" ይለኛል። ስለዚህ እኔ ሆዴ ውስጥ ልጅ እንኳ እያለ ጎንበስ ብዬ ዘይት አይ ነበር።

ከመስታወቷ ጀርባ ዘይት የሞላባት ትንሽ ቤት አለች። በውስጧ መስቀል የመሰለ ብረት ይዞራል። ፊልሙን አንድ አንድ ሥዕል እየሳበ፣ ለቅጽበት እያቆመ፣ እንደገና የሚስበው እሱ ነው። ዘይት ሲያንሰው ይንጫጫል፤ ሲበዛበት ይተፋል። ጎረቤቴ አስካለ "እኔ ክርስቲያኗ እያለሁ መስቀሉን ቅባት የምትቀቢው አንቺ ነሽ!" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

የዚህ ሁሉ ሥራ ሕጉ አንድ ነው፤ ዘይቱ የሚታየው ማሽኑ ቆሞ ነው። ማሽኑ ሲሠራ ዘይቱ ተረጭቶ ወደ ላይ ስለሚወጣ መስታወቷ ባዶ ትመስላለች። ሲቆም ተመልሶ ይወርድና መስመሯ ላይ ይቀመጣል። ሠርግ ቤት አስቡት። ጭፈራው ሲጀመር ወንበሩ ሁሉ ባዶ ይሆናል። ባዶ ወንበር አይቶ "ሰው አልመጣም" ብሎ ሌላ መቶ ሰው የሚጠራ ምን ይባላል? ስሙን አልጠራም፤ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይመጣል።

ሰይድ ከሞተ፣ ክበቡም ፊልም ማሳየት ካቆመ በኋላ ማሽኑ መጋዘን ውስጥ ሽርጥ ለብሶ ተቀመጠ። እኔ በየዓመቱ ረመዳን ከመግባቱ በፊት እየሄድኩ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ በእጄ አዞረዋለሁ፣ ዘይቱን እቀይራለሁ። ለምን ትሉኝ ይሆናል። የባሏን ጋቢ ከሞተ በኋላ የምታጥብ ሴት ለምን ተብላ ትጠየቃለች?

አንድ ቀን ከሰመራ ሰዎች መጡ። ለባህል በዓል የድሮ ፊልም በድሮ ማሽን ሊያሳዩ አስበዋል፤ የእኛን ማሽን ክበቡ ሰጥቷቸዋል። ሊረከብ የመጣው የአዳራሹ ባለሙያ አቶ ይድነቃቸው ይባላል። ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ነጭ ሱሪ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። መነጽሩን ሳይ ደስ አለኝ።

"ማሽኑን ውሰዱት። ዘይቱን ግን የማየው እኔ ነኝ" አልኩት።

"እማማ፣ ለምን ይደክማሉ? እኔ ሁሉንም በስልኬ አይቼዋለሁ።"

"ስልክህ ዘይት ነክቶ ያውቃል?"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔም ዕቃዬን ይዤ ማሽኑ የተጫነበት አይሱዙ ላይ ወጣሁ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ፍርድ ከራስ ይጀምራል። ሰይድ ያስቀመጠው የማሽን ዘይት ቆርቆሮው ዝጎ ማንጠባጠብ ሲጀምር፣ ዘይቱን የሱፍ አበባ ሥዕል ባለበት የምግብ ዘይት ጠርሙስ ገልብጬው ነበር። እንዳይበላ ብዬ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ቀይ ክር የታሰረበት ነገር እንደማይበላ ማንም ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ማንም አያውቅም። እኔ ራሴ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ገዋኔ ላይ ቁርስ ልንበላ ቆምን። ሹፌራችን ከማል ይባላል፤ ሆዱ ከመሪው የቀደመ ደግ ሰው ነው። ምግብ ቤቷ ውስጥ ዘይት አልቆ ኖሮ፣ ከማል እኔ እጄን ስታጠብ ከዘንቢሌ ጠርሙሱን አውጥቶ "የእማማ ዘይት አለ!" ብሎ ለሴትዮዋ ሰጣት። ተመልሼ ስመጣ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዞ ግድግዳውን ያያል።

"እማማ" አለኝ፣ "እንቁላሉ አልቆም አለኝ። ጥርሴ ሊይዘው ሲል ያመልጣል።"

"ምን አድርገህ ነው?"

"በእርስዎ ዘይት አስጠብሼ።"

"ከማል፣ እሱ እኮ የፊልም ማሽን ዘይት ነው!"

ደጅ ወጥቶ ተፋው። አፉን በሎሚ፣ በአምቦ ውሃ፣ በመጨረሻም በሳሙና አጠበ። እስከ ሎጊያ ድረስ ሲያወራ ቃላቱ እየተንሸራተቱ ይወጡ ነበር። ጠርሙሱን አየሁት፤ ከግማሽ በላይ አለ፤ ለማሽኑ ይበቃል። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሌላ ቀይ ክር ጨመርኩበት።

ሰመራ ገባን። በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሥራዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ ማሽኑን ትንሽ አስነስቼ አሮጌው ዘይት ሞቅ እንዲል፣ ቆሻሻውም አብሮ እንዲነሳ አደረግሁ። አጥፍቼ ከሥሩ ያለችውን ብሎን ፈትቼ አወረድኩት። ከዚያ ከፋርማሲ በገዛሁት ትልቅ ሲሪንጅ አዲሱን በቀስታ ጨመርኩ። ፋርማሲስቷ "ለማን ነው?" ስትለኝ "ለባሌ ማሽን" ብያት ደንግጣ ነበር። ዓይኔን መስታወቷ ላይ ለጥፌ ዘይቱ መስመሯን ሲነካ አቆምኩ። አንዲት ጠብታ አላለፈችም።

ለአቶ ይድነቃቸው እንዲህ አልኩት። "ልጄ፣ ስታስነሳው መስታወቷ ባዶ ትመስልሃለች። እንዳትነካት። ሲቆም ትመለሳለች።"

በስልክ እያወራ ነበር። ራሱን ነቀነቀ። ስልክ የያዘ ሰው ሲነቀንቅ ለማን እንደሚነቀንቅ አይታወቅም፤ እኔ ለእኔ መሰለኝ። ዙህር ደርሶ ስለነበር ልሰግድ ወጣሁ።

እኔ ስሰግድ የሆነውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ግን እንዳትደናገሩ አሁኑኑ ልንገራችሁ። አቶ ይድነቃቸው ማሽኑን አስነሳው። መስታወቷን አየ፤ ባዶ ናት። "ወይ እኚህ እናት፣ ዓይናቸው ደክሟል" አለ። ከጠርሙሴ የተረፈውን በሙሉ ጨመረባት። ማሽኑ እየሠራ ስለሆነ አሁንም ባዶ ናት። ጠርሙሱ አለቀ። ደጅ ወጥቶ ከሎጊያ ለመጣ አንድ የተሳቢ ሹፌር ችግሩን ነገረው። የተሳቢ ሹፌሮች ከተማ ሎጊያ ደግሞ አንድ ሃይማኖት አላት፤ በዚህ ሙቀት ቀጭን ዘይት ውሃ ነው፣ ወፍራም አድርግበት። ሹፌሩ አርባ ቁጥር የሞተር ዘይት በጣሳ ቀዳለት። አርባ ቁጥር ማለት ተሳቢ እስከ ጅቡቲ አድርሶ የሚመልስ፣ በማንኪያ ሊዛቅ ምንም ያልቀረው ዘይት ነው። አቶ ይድነቃቸው መስታወቷ እስክትሞላ አፈሰሰው። ከዚያ አጠፋውና እጁን ታጠበ። እኔ ሰግጄ ስመለስ መጋረጃ ተዘግቶ፣ እንግዳ ገብቶ፣ "እናቶች ከፊት ይቀመጡ" ተብዬ ማሽኑን ሳላየው ተቀመጥኩ።

ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አዳራሹ በኤሲ ቀዝቅዟል፤ ግማሹ ሰው ለፊልሙ፣ ግማሹ ለኤሲው መጥቷል። አጠገቤ ሐጂ ሁመድ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ የብዙ ግመል ጌታ ናቸው። ፊልሙ ድሮ የተነሳ ነው፤ ግመሎች የአዋሽን ወንዝ ሲሻገሩ ያሳያል። ድምፅ የለውም።

መጀመሪያ አንድ ግመል ወንዙ ዳር ደረሰ። እግሩን ውሃ ውስጥ ሊያገባ ሲል ተንቀጠቀጠ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ሊያገባ ሲል ዘለለ። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ መስቀሉ ብረት ፊልሙን መያዝ አቅቶታል። ሐጂ ሁመድ የገባቸው ሌላ ነው።

"ይህ ግመል ታሟል" አሉ።

ከኋላቸው ያሉ ሽማግሌዎችም ተስማሙ። አንዱ ወገቡን ነው አለ። ሌላው ጥም ነው አለ። ቀጥሎ ግመሉ ገላ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ መውጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ አንገቱ ላይ፣ ከዚያ ሻኛው ላይ።

"እከክ ነው!" አሉ ሐጂ ሁመድ ከወንበራቸው ተነስተው። "አልኳችሁ! የተቃጠለ ዘይት ቀቡት!"

ይህን ብለው ሳይጨርሱ የታዘዘው መድኃኒት መጣ። ሥዕሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ዘይት ወረደ። ግመሉ፣ ወንዙ፣ ዛፉ፣ ሁሉም በዘይት ታጠበ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ከኋላ በኩል አንድ ክራቫት ያሰረ እንግዳ ጮኸ፤ ነጭ ሸሚዙ ላይ ማሽኑ ተፍቶበታል። ማሽኑም ጭነት በዝቶበት ዳገት እንደሚወጣ ተሳቢ አቃሰተ፣ አቃሰተና ቆመ። ግመሉ አንድ እግሩን እንዳነሳ ጨለማ ሆነ።

መብራት ሲበራ ወደ ማሽኑ ሮጥኩ። በዕድሜዬ ሩጫ ማለት ከሌላው ሰው ርምጃ ያነሰ ነው፤ ስደርስ አቶ ይድነቃቸው ማይክ ይዟል። መስታወቷ እስከ አፏ ሞልታ ታንጠባጥባለች። ጠረጴዛው ላይ የሱፍ አበባ ያለበት ባዶ ጠርሙሴ ቆሟል፤ ሁለት ቀይ ክሮቹን እንዳሰረ።

"የተከበራችሁ እንግዶቻችን" አለ፣ "ከአዋሽ ድረስ የመጡት እናታችን በቅን ልቦና ተነሳስተው ማሽኑ ውስጥ የምግብ ዘይት ስለጨመሩ ፕሮግራማችን ተቋርጧል። ሆኖም እናት ናቸው! ይቅር እንበላቸው!"

ይቅር አሉኝ። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ሸሚዙ የተበላሸበት ሰውዬ እንኳ "ግድ የለም እናቴ" ብሎ ትከሻዬን ሳመ። አንዲት ሴት የታሸገ ውሃ ሰጠችኝ። "እኔ አይደለሁም!" እላለሁ፤ "አይዞዎት፣ አይዞዎት" ይሉኛል። ሰው ያጠፋውን ይቅር ሲሉት ይቀለዋል። ያላጠፋውን ይቅር ሲሉት ግን ምሕረቱን የት ያስቀምጠዋል? እኔ ውሃዬን ይዤ እዚያው እንደ ጅል ቆምኩ።

ነገሩ ቃለ ጉባኤ ውስጥም ገባ። አቶ ይድነቃቸው ራሱ አነበበልኝ። "በአንዲት እናት በኩል የምግብ ዘይት በስህተት በመጨመሩ" ይላል።

"'በስህተት' የሚለውን እኔ ነኝ ያስጨመርኩልዎት" አለኝ፣ እንደ ውለታ።

"ልጄ፣ ጣትህን ዘይቱ ውስጥ ንከርና ሽተተው። የምግብ ነው?"

"እማማ፣ ተፈርሟል እኮ።"

ማሽኑንም እንዳልነካው ከለከሉኝ። በሩ ላይ ጥበቃ ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አዋሽ ልመለስ ሎጊያ ወረድኩ። አውቶቡሱ እስኪሞላ ሻይ ልጠጣ አንድ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ፋጡማ የምትባል የእኔ እኩያ የአፋር ሴት ናት። ሻዩን ሳታስቀምጥ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"የአዋሽዋ አንቺ ነሽ? ጥቁር ሻርፕ፣ የሱፍ ዘይት ጠርሙስ፣ ሁለት ቀይ ክር?"

ክሩን ሳይቀር! ነገሩ ዳጉ ገብቷል። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፤ ዳጉ የሚሉት ይህን ነው። ከሬዲዮ ይፈጥናል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ያልሆነውን የተናገረ ሰው ደግሞ ስሙ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ተቃጠለ ቢል እንኳ የሚሰማው የለም። በወረቀቱ ባልከፋኝ ነበር፤ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ዳጉ ግን እኔ አዋሽ ሳልደርስ አሳይታ ከተማ ደርሶ ውሎ ያድራል።

"ፋጡማ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም" አልኳት። ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት።

ሻዩን አስቀመጠች። "አየሽ" አለችኝ፣ "ዳጉ ባለቤት አለው። እኔ ከጎሚስታው ሰማሁ። ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። እየተጠየቀ እየተጠየቀ ያየው ሰው ጋ ይደርሳል። ያየ ከሌለ ዳጉው ይሞታል። ነይ ተነሺ።"

"ሻይ ቤትሽስ?"

"እኔ ውሸት አስተላልፌ ከእንግዲህ ሻይ የሚገዛኝ ማነው?"

አውቶቡሱ ጡሩንባውን እየነፋ ሄደ። ጎሚስታው ከፍየል ነጋዴ እንደሰማ ነገረን። እዚያ ጎማ ያስጠግን የነበረው ከማል ስሜን ሲሰማ "እኔ ምስክር ነኝ!" ብሎ ጎማውን ጥሎ ተከተለን። ፍየል ነጋዴው ከአዳራሹ ጥበቃ እንደሰማ ተናገረ፤ ውሸት መሆኑን ስንነግረው ፊቱ ተቀየረና እሱም ተነሳ። እኔ፣ ፋጡማ፣ ከማል፣ ነጋዴውና አንዲት ፍየል በአንድ ባጃጅ ወደ ሰመራ ሄድን። ባጃጁ የኋላ መቀመጫውን ለከማል ሆድ ሰጥቶ ሌሎቻችን እንዴት እንደገባን እስካሁን አልገባኝም።

"ፍየሏን ለምን አመጣሃት?" አለችው ፋጡማ፣ ቀንዷ ጎኗን እየወጋት።

"ሎጊያ ትቻት ብመጣ ነገ ስለ እሷም ዳጉ ትነግሪኝ ነበር።"

አዳራሹ ደጅ ጥላው ሥር ሐጂ ሁመድ ተቀምጠዋል። የመጡት ግመሉ ወንዙን ተሻግሮ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው። ነገሩን ፋጡማ በአፋርኛ አስረዳቻቸው። ጥበቃው ተጠየቀ፤ "በማይክ ሰማሁ" አለ። ቀረ አንድ ሰው። ሐጂ ሁመድ አስጠሩት።

አቶ ይድነቃቸው ስብሰባ እንዳለበት ተናገረ።

"ይህም ስብሰባ ነው። ተቀመጥ" አሉት። በነጭ ሱሪው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሐጂ ሁመድ እጁን ጨብጠው ስለ ጤናው ጠየቁት። ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁት። ዳጉ አይቸኩልም። ላቡ ግን እየቸኮለ ነው።

"አሁን ንገረኝ። ማሽኑ ውስጥ ምን ገባ?"

"የምግብ ዘይት ተጨምሯል።"

"አየህ ወይስ ሰማህ?"

"ቃለ ጉባኤው ላይ በግልጽ ሰፍሯል። ማኅተምም አለው።"

"ዘይቱ ሲገባ ወረቀቱ እዚያ ነበር?"

"ወረቀቱ የተጻፈው በኋላ ነው።"

"እንግዲያው ወረቀቱ አላየም። ተወው። አንተ ምን አየህ?"

"ጠርሙሱን አየሁ። የሱፍ ዘይት ጠርሙስ ነው።"

"ጠርሙሱን ነው ያየኸው ወይስ ዘይቱን?"

እዚህ ላይ ከማል አልቻለም። "ሐጂ፣ ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው የምግብ ዘይት አይደለም! እኔ አውቀዋለሁ!"

"አየህ ወይስ ሰማህ?"

"ቀመስኩት!"

ሐጂ ሁመድ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። "መቅመስ ከማየት ይበልጣል" ብለው ፈረዱ።

ጥበቃው በሩን ከፈተልኝ። ከማሽኑ ብሎን ሥር የተጠራቀመውን ዘይት በጣሳ ይዤ ወጣሁ። ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ፋጡማ አሸተተችና "የከባድ መኪና ነው" አለች። ነጋዴው ጣቱን ነከረ፤ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። "አርባ ቁጥር። አዲስ ነው፤ ገና አልተነዳበትም።" የሎጊያ ሰው አፍንጫ እንዲህ ነው። በመጨረሻ ጣሳውን ለፍየሏ አቀረቡላት። ይህች ፍየል ባጃጅ ውስጥ የሻርፔን ጫፍ፣ የከማልን መንጃ ፈቃድ ጥግና አንድ የጎማ ቁራጭ በልታለች። ዘይቱን አሸተተች፤ አስነጠሰች፤ ፊቷን አዞረች።

"የሞተር ዘይት ገብቷል" አሉ ሐጂ ሁመድ። "ማን አገባው?"

"ለቴክኒክ ሥራ ሲባል ተጨምሯል" አለ አቶ ይድነቃቸው።

"በማን?"

"በእጅ።"

"በማን እጅ?"

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገው። ፍየሏን አየ፤ ፍየሏም አየችው።

"በእኔ" አለ።

ፋጡማ ወዲያው ስልኳን አወጣች። ነጋዴው ከእሷ ቀድሞ ደውሎ ኖሮ በአፋርኛ እየጮኸ ነው። ሐጂ ሁመድ ተነስተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ዳጉው ተስተካክሏል። እስከ ዛሬ የዐስር ሶላት ሰርዶ ከተማ ይገባል" አሉኝ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ግመሉስ?" አሉ። ማሽኑ ካልታጠበ እንደማይሻገር ነገርኳቸው። በሩ እንዲከፈትልኝ ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

ከሎጊያ ልብስ ሰፊ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ተገዛ። ሌላው ሰው ጥላው ሥር ቀርቶ እኔና አቶ ይድነቃቸው ብቻ ማሽኑ አጠገብ ተንበረከክን። ብሎኑን ፈታሁ። ጣሳውን እሱ ያዘ። አርባ ቁጥር ቶሎ አይወርድም፤ እንደ ማር እየተጎተተ፣ እያሰበበት ነው የሚወርደው። እኔም ለመጠየቅ ጊዜ አገኘሁ።

"ልጄ፣ ማሽን ይበላሻል፤ ሰውም ይሳሳታል። ባሌም መነጽር አላደርግ ብሎ ስንት ፊልም አበላሽቷል። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለምን እኔን አልክ?"

ጣሳውን ወደሚወርደው ዘይት አስጠጋ።

"እማማ" አለኝ፣ "እርስዎን ሁሉም ሰው ይቅር ይላል ብዬ ነው። እኔን ማን ይቅር ይለኛል?"